ኮምፒውተሮቹን ለምን እንደቆለፍናቸው
ለተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ልጆቻችሁ ሰሞኑን «ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩን ቆለፉብን» ብለዋችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ከእኔ ብትሰሙ ይሻላል።

እስካሁን የኮምፒውተር ክፍላችን ማሽኖች የሚከፈቱት በአድሚን አካውንት ነበር፤ ያውም ያለ ፓስወርድ። በዚህ አካውንት የገባ ሰው የፈለገውን ይጭናል፣ ያጠፋል፣ አንቲቫይረሱን ሳይቀር ይዘጋል። አንዱ ጌም ያስገባል፤ ሌላው «በነጻ» የተገኘ ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያሠራ) ይጭናል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ የሚነሳው ፕሮግራም ይበዛል፣ ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይጨናነቃል፣ ስታክ ያደርጋል። ክፍለ ጊዜው ኮምፒውተር እስኪከፈት በመጠበቅ ያልቃል።

ባለፈው ወር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እያለቀሰች ቢሮዬ መጣች። ፍላሿን ስትሰካው የቡድን ሥራቸው ፎልደር ሾርትከት (ፋይሉ የሌለበት አቋራጭ ምልክት) ሆኖባታል። ደግነቱ ቫይረሱ ፋይሉን ደበቀው እንጂ አላጠፋውም፤ የአይሲቲ መምህራችን አወጣላት። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ፎርማት ሲያደርግ ነው የከረመው። ሰኞ ደህና የነበረው ማሽን ሐሙስ ይበላሻል። ይህ ለማንም አይገባም።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ተማሪም መምህርም የሚገባው በተራ ተጠቃሚ አካውንት ነው። እኔም ቢሮዬ ውስጥ እንደዚያው። መጻፉ፣ ኢንተርኔቱ፣ ማተሙ አይቀየርም። ፕሮግራም ለመጫን ግን የአድሚን ፓስወርድ ይጠየቃል፤ እሱ ያለው መምህሩ ጋ ነው። የሚያስፈልገው ልጅ ይጠይቅ፣ እንጭንለታለን። ፕሮግራሚንግ የሚሞካክሩ ልጆች አሉን፤ እነሱን ማሰናከል ፈጽሞ አልፈልግም። ሁለት ኮምፒውተር ለብቻ ለይተንላቸዋል።

ቫይረስ ከእንግዲህ አይገባም አልላችሁም። በተራ አካውንትም የተከፈተ ቫይረስ የራስን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ዊንዶውሱንና የሌሎችን ልጆች ፋይል መንካት ግን ይከብደዋል። ፍላሽ ስካን ማድረጉም አይቀርም።

ቤት ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዊንዶውስ ሲጫን መጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት አድሚን ነው፤ ብዙ ቤት ልጆች የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። ሴቲንግ ውስጥ አካውንትስ የሚለው ጋ ገብታችሁ ለልጁ ስታንዳርድ (ተራ ተጠቃሚ) አካውንት ክፈቱለት። አድሚኑ ላይ ፓስወርድ አድርጉ፤ እንዳይረሳችሁም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ካስቸገራችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ ኑ፤ መምህሩ ኮምፒውተር ክፍል ይጠብቃችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር