ዓይን ያላወጣ እንጀራ

ናይሮቢ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ቢቸና።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል እምዬ? ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ክረምቱን እንዴት አደረገሽ? ጤፉስ ታረመ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ለዘመን መለወጫ ወደ አገር የምትገባ የሞጣ ልጅ ናት። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ሳይቆራረጥ የተገኘ ቀን ደግሞ «ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ቶሎ ትሰናበቺኛለሽ። እውነቱን ለመናገር ግን በስልክ ከአፌ አልወጣ ያለ አንድ ነገርም አለ።

ማሙሽ፣ አንባቢው አንተ ነህና አደራ፤ እየዘለልህ አታንብብ። ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ ከሆነም አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ሲበተኑ ቀጥል።

መንገዱ ደህና ነበር። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ሞያሌ ላይ ፓስፖርቴን መቱልኝና ተሻገርሁ። ከዚያ ወዲህ ማርሳቢትን አልፎ እስከ ኢሲዮሎ ድረስ ግመልና ድንጋይ ነው። ዓባይ በረሃን በረሃ ስንል የኖርነው ይህን ስላላየን ነው። ያሰነቅሽኝን በሶ ኢሲዮሎ ላይ ጨረስሁት፤ ዳቦ ቆሎው ግን እስካሁን ጥቂት አለኝ። አልበላውም። አንዳንድ ቀን ብቻ ከረጢቱን ፈትቼ አሸትተዋለሁ።

የምኖረው ኢስትሊ የሚባል ሰፈር ነው። ሱማሌው ይበዛል፤ የእኛም ሰው ሞልቷል። በአማርኛ ሽንኩርት ገዝተሽ፣ በኦሮምኛ ተመርቀሽ፣ በሱማሊኛ ተገፍተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ክፍሉን ከአንዲት የደሴ ልጅ ጋር ተጋርተነዋል፤ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ውኃው አንዳንድ ቀን ሦስተኛው ላይ ይደክመዋል።

ቤቱን የተከራየሁበትን ቀን ላጫውትሽ። አከራዩ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ዋጋውን ብጠይቃቸው «ኤልፉ ናኔ» አሉኝ። «ናኔ» ስምንት መሆኑን የደሴዋ ልጅ አስጠንታኛለች። «ኤልፉ»ን ግን ማንም ሳያስጠናኝ አውቀዋለሁ፤ ቄሱ «እልፍ አእላፋት መላእክት» ሲሉ ስሰማው ያደግሁት ቃል ነው። እልፍ ማለት አሥር ሺህ። ስምንት እልፍ ማለት ሰማንያ ሺህ! ለአንዲት ጠባብ ክፍል! ሻንጣዬን አንስቼ ደረጃውን መውረድ ጀመርሁ። ሽማግሌው ከላይ ሆነው በስዋሂሊ ይጣራሉ፣ የደሴዋ ልጅ ሳቋ አላናግር ብሏት ግድግዳ ተደግፋለች። ለካ እነርሱ ዘንድ «ኤልፉ» አንድ ሺህ ብቻ ነው። ቃሉ እነርሱ ጋ እስኪደርስ ዘጠኝ ሺሁን መንገድ ላይ ጥሎታል ማለት ነው። ስምንት ሺህ ሽልንግ ለሁለት ሆነን እንከፍላለን፤ ሽልንጉ ከብራችን በጥቂት ይበልጣል፤ ሌላውን አንቺ አስይው።

ቋንቋው ደግሞ እንደዚህ እያታለለ የሚያላምድ ነው። ሰባትን «ሳባ»፣ ስኳርን «ሱካሪ»፣ ሳሙናን «ሳቡኒ» ይሉታል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሰዓታቸው ነው። እምዬ፣ ሰዓታቸው የእኛ ነው! ፀሐይ ስትወጣ ይጀምሩና «ሳአ ሞጃ» አንድ ሰዓት፣ «ሳአ ምቢሊ» ሁለት ሰዓት እያሉ ይቆጥራሉ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ እልፍ ሳትል ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ቀጠሮ አታፈርስም፤ ከእርሷ መቁጠራቸው ደግ አድርገዋል። ችግሩ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ነው። ያው ሰው፣ በዚያው አፉ፣ አንዱን ሰዓት ሰባት ይለዋል።

እኔን ጉድ የሠራችኝ ግን ኬንያዊ አይደለችም፤ የእኛው ሰው ናት። አሁን የምሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት እዚህ ሃያ ዓመት የኖረች የአዲስ አበባ ሴት ናት። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነይ፤ እንነጋገራለን» አለችኝ በጠራ አማርኛ። ነጠላዬን አሳምሬ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ በዘጠኝ ሰዓት ከች አልሁ። ለካ አማርኛዋ የአገር ቤት ሲሆን ሰዓቷ የፈረንጅ ኖሯል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቷ ነበር። ስድስት ሰዓት አርፍጄ የደረስሁ የመጀመሪያዋ ሥራ ፈላጊ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ደግነቱ ራሷም ሳቀችና ቀጠረችኝ።

ስለ ከተማው ብዙ አልጽፍልሽም፤ ከተማ ያው ከተማ ነው። መኪናው በግራ በኩል ስለሚነዳ መንገድ ስሻገር እንደ አገሬ መጀመሪያ ወደ ግራ አያለሁ፤ መኪናው በቀኝ ይመጣብኛል። አሁን ሁለቱንም ጎን ደጋግሜ እያየሁ እሻገራለሁ፤ ሌባ የምትጠባበቅ ነው የምመስለው። ታክሲያቸው «ማታቱ» ይባላል፤ «ታቱ» ሦስት ማለት ሲሆን ድሮ ሂሳቡ ሦስት አሥር ሳንቲም ስለነበር ነው ይላሉ። ዛሬ ሦስት ሳንቲም የሚባል ነገር የለም፤ ዝናብ ጠብ ካለች ደግሞ ዋጋው በዚያችው ደቂቃ ሽቅብ ይወጣል። ሥዕል ተሥሎበት፣ መብራት ተደርድሮበት፣ ሙዚቃው ከርቀት ይሰማል። ገንዘብ በእጅ የሚይዝ ሰው ትንሽ ነው። ኤምፔሳ የሚሉት የስልክ ገንዘብ እኛ 1999 በምንለው ዓመት የተጀመረ ነው፤ መሬት ላይ ቲማቲም ዘርግታ የምትሸጥ አሮጊት እንኳ ቁጥሯን በካርቶን ጽፋ አጠገቧ አቁማለች። ማሙሽ፣ አንተ በቴሌብር የምትመጻደቀውን እዚህ ለሕፃን አታወራውም።

ምግባቸው ኡጋሊ ነው፤ የበቆሎ ገንፎ በዪው፣ ግን ቅቤ የማያውቅ፣ በቢላ የሚቆረጥ። ከጎኑ የሚቀርበው ጎመን «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ሳምንቱን ግፋ እንደማለት ነው። ደመወዝ እስኪመጣ የሚያዘልቅ ምግብ ስለሆነ ነው ስሙ። የጎመኑን ነገር ለጎጃም ሰው አያስተምሩትም፤ ስሙን ግን ወድጄዋለሁ።

ቡሄ ዕለት ሆዴ ባባ። እናንተ ጋ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የጅራፉ ጩኸት ከተራራ ተራራ፤ እዚህ ክረምት የሚባል ነገር የለም። ዝናባቸው ዋናው ከመጋቢት ጀምሮ ነው፤ ትንሹ ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ይመጣል። አሁን ሰማዩ አኩርፎ ይውላል፤ አያለቅስ፣ አይስቅ፤ ብርዱ ግን አለ። የደሴዋ ልጅ በመጥበሻ ሙልሙል የመሰለ ነገር ጋገረች። «ሆያ ሆዬ» የሚለን ስላልነበረ ደጅ የሚጫወቱ የሱማሌ ልጆችን ጠርተን ሰጠናቸው። ግራ ገብቷቸው፣ ግን በደስታ በሉት።

ማሙሽ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብላት።

እምዬ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በስልክ «ሒሳብ ክፍል ገባሁ» ብዬሽ ነበር። አልዋሸሁሽም፤ የገባሁት ለገንዘብ ተቀባይነት ነበር። አንቺ ግን ለማርያም ማኅበርተኞች «ልጄ ናይሮቢ ሒሳብ ሹም ሆነች» ብለሽ መናገርሽን ማሙሽ ሲነግረኝ አንጀቴ ተላወሰ። ምክንያቱም በሁለተኛው ሳምንት የቤቱ እንጀራ ጋጋሪ ባል አግብታ ሥራውን ተወች። ባለቤቲቱ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ጎጃሜ ነኝ አላልሽም? የጤፍ አገር ልጅ እንጀራ አይጠፋትም» አለች። «አልችልም» ማለት ሲገባኝ የቢቸና ኩራቴ ቀደመኝ። «እንዴታ!» አልኋት።

ስለዚህ አሁን እንጀራ ጋጋሪ ነኝ።

ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ፣ ዞሬ ዞሬ እንጀራዬ ምጣድ ላይ ሆነ። ልጅ ሆኜ ሊጥ ላግዝሽ ስቀርብ «ሂጂ ደብተርሽን ያዢ፤ ጢሱ የእኔ ነው» ትይኝ ነበር። ዓይንሽን በነጠላሽ ጫፍ እየጠረግሽ። እኔም እውነት መስሎኝ ሄድሁ። ትምህርቱ እንዳይቆጭሽ፤ እኔን የሚቆጨኝ ያን ጊዜ ተደብቄ እንኳ እጅሽን አለማየቴ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ልንገርሽ። ጤፍ እዚህ ውድ ስለሆነ ቤቱ የሚያቦካው ጤፍ ከሩዝና ከማሽላ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው። በቡሃቃ ፋንታ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል፣ በአክምባሎ ፋንታ የአሉሚኒየም ክዳን፣ በጎመን ዘር ፋንታ ጨርቅ። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። ሊጡን ከዳር ጀምሬ ወደ መሀል አዞርሁት፤ እጄ ስለተንቀጠቀጠ መሀሉ ላይ የበሬ ሻኛ የሚያህል ጉብታ ቀረ። ክዳኑን ገጠምሁ። ስከፍተው ጠርዙ ምጣዱን ነክሶ ይዟል፤ ፊቱ ደግሞ እንደ ቆዳ ልስልስ ብሏል፤ አንድ ዓይን የለውም! አምስተኛው ላይ ሰፌዱን ከሥሩ ሳስገባ ለሁለት ተቀደደ። ስምንተኛው ላይ መብራት ጠፋ፤ ግማሹ በስሎ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ቀረ። ካርዱ እዚህ ቶከን ይባላል፤ አልቆ ኖሯል። ሲሞላ እኔም ልቤ ተመልሶ አሥራ ሁለት ደረስሁ።

ማታ አንድ የእኛ አገር አዛውንት እንጀራውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ አምፖሉ አቀኑት፤ አገላበጡት፤ «ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ዕውር ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ፤ ከዚያ ደግሞ ወጥ ጨመርሁላቸው።

የሚገርምሽ፣ ነገሩን በወረቀት አሳምሬ አውቀዋለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ «እርሾ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን የዱቄቱን ስኳር ሲመገቡ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ በምጣዱ ሙቀት ወደ ላይ ሲያመልጥ የእንጀራው ዓይን ይፈጠራል» ብዬ አስተምሬያለሁ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ዛሬ የቢቸና ልጆች ቢያዩኝ ያችን ጥያቄ መልሰው ይጠይቁኝ ነበር።

ሌላም የሚያስቅ፣ ምናልባትም የማያስቅ ነገር አለ። አገራችን ከኅዳር 2015 ጀምሮ ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፤ መስመሩ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ እስከሚባል ቦታ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ምጣዴ የሚግለው ከፊሉ በኢትዮጵያ መብራት ይሆናል ማለት ነው። መብራቱም እንደ እኔ ድንበሩን ተሻገረ፤ አንቺ ግን ዛሬም ኩበት እየማገድሽ ዓይንሽ ያነባል። ምጣዱን ባበራሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ለአንቺ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣ ከመስከረም ጀምሮ ማስቀመጥ እጀምራለሁ፤ መብራቱ በቤታችን በኩል የሚያልፍበት ቀን ሲደርስ ምጣዱ ቀድሞ ይጠብቀው።

አሁን ከስድስት ሳምንት በኋላ እንጀራዬ ተሻሽሏል። ጠርዙ ምጣዱን መንከስ ትቷል፤ አይቀደድም። ዓይኑ ግን ዳር ዳሩን ወጥቶ መሀሉ ላይ ይጠፋል። አዛውንቱ ባለፈው እሑድ «አንድ ዓይኑ በርቷል» ብለውኛል። የደሴዋ ልጅ አፍለኛ ነው፣ ሌላ አንድ ቀን ይቦካ ትላለች። ባለቤቲቱ የዱቄቱ ድብልቅ ነው ትላለች። እኔ የምጠረጥረው አብሲቱን ነው። ሊጡን በየስንት ቀኑ ነው አብሲት የምትጥይው? በበጋና በክረምት ይለያያል አይደል? ከጣልሽው በኋላ ኩፍ እስኪል ጠብቀሽ ነው ወይስ ገና መነሣት ሲጀምር ነው ምጣድ ላይ የምትቀመጪው? ደግሞ የእርሾውን ውኃ ከላይ ስትቀንሺ ቀለሙን አይተሽ ነበር የምታቆሚው፤ ምን ሲመስል? «እጄ ያውቀዋል» እንዳትይኝ፤ የአንቺን እጅ እዚህ አላገኘውም። ማሙሽ አጠገብሽ ቆሞ እያየ ይጻፈው፤ ሲኒ በሲኒ ይለካ።

ለማኅበርተኞቹ የፈለግሽውን ንገሪያቸው። ሒሳብ ሹም ብትይኝም የቀኑን እንጀራ የምቆጥረው እኔው ነኝ፤ ብዙም አልተሳሳትሽም።

በዚህች ልጅ እጅ አንድ ኪሎ የኬሪቾ ሻይ ቅጠልና ለጉልበትሽ የሚሆን የሱፍ ሹራብ ልኬልሻለሁ። ሻዩን ለእንግዳ ብለሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፊበት፤ ጠጪው። ለክርስትና እናቴ፣ ለአያ፣ ለጎረቤቶቻችን በሙሉ እንደምን ከረማችሁ በይልኝ። የአደይ አበባ በወጣ ጊዜ ማሙሽ አንድ ፍሬ በደብዳቤው ውስጥ አጥፎ ይላክልኝ፤ ልጅቷ ጥቅምት ላይ ትመለሳለች።

ያንቺው ልጅ