«ደም ብዛት» ምን እንደሆነ ለማያውቅ ቻትቦት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት በፋርማሲ ባለሙያነት ስሠራ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በመስኮቱ በኩል የሚቀርብልኝ የሐኪም ማዘዣ ብቻ አይደለም፤ ሰዉ ቻትቦት (በጽሑፍ ለሚጠይቁት መልስ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ጠይቆ ያገኘውን መልስ በስልኩ ላይ እያሳየ «ይኸን ስጪኝ» ይለኛል። የምጽፍላችሁ አገልግሎቱ ይከልከል ለማለት አይደለም። የጤና ተቋሞቻችን ቻትቦትን ለሕዝብ ከማቅረባቸው በፊት ሕመምተኛው በሚናገረው አማርኛ እንዲፈትኑት ለመጠየቅ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት እናቱን ደግፎ መጣ። እናትዮው የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ በእኛ አገር አጠራር «ደም ብዛት» አለባቸው። ራሳቸውን ሲያዞራቸው ልጁ «እናቴ ደም ብዛት አለባት፣ ምን ላድርግላት?» ብሎ ይጽፋል። ቻትቦቱ ቃሉን እንዳለ ወስዶ፣ በሰውነታቸው ያለው ደም ከመጠን በላይ እንደሆነ፣ ብረት ያለባቸውን ምግቦች መቀነስ እንደሚገባቸው፣ ደም መለገስም ሊጠቅማቸው እንደሚችል በተስተካከለ አማርኛ ያስረዳዋል። ልጁም ምስርና የጤፍ እንጀራ ይከለክላቸዋል። ስለ ጨው አንድም ቃል አልተነገረውም፤ የግፊት ክኒናቸው ካለቀ ሦስት ሳምንት እንደሆነውም የጠየቀው የለም። አስቀምጬ ስለካቸው 190 በ110 ሆኖ ስላገኘሁት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ልጁ ሲወጣ «ዶክተር፣ እንዲህ አሳምሮ ሲመልስልኝ በምን ልጠርጥረው?» አለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ማለት የተለመደ ስለሆነ አላረምኩትም፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከተማሩት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው፤ ያ ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ሲሆን የአማርኛው ድርሻ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሳራ የተባለችውን የጤና መረጃ ሰጪ ቻትቦት ሲያስተዋውቅ በስምንት ቋንቋዎች ነበር፤ አማርኛ አልነበረበትም። በእንግሊዝኛም ቢሆን ስሕተት አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሠራ አንድ የአሜሪካ ማኅበር ቻትቦቱ ክብደት የመቀነስ ምክር ሲሰጥ ስለተገኘ አገልግሎቱን አቋርጦታል። «ምች መታኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙትማ ምን ሊል ነው? ልቤን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ ነው፤ አንዳንዴ ግን እውነትም ልቡ ይሆናል፤ ጤና ባለሙያ ይህን የሚለየው መልሶ በመጠየቅ ነው።

ጥቅሙንም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እርግዝና መከላከያ ልትጠይቀኝ የመጣች ልጅ ከኋላዋ ሰልፍ ሲቆም ድምጿን ዝቅ አድርጋ የራስ ምታት መድኃኒት ገዝታ ትሄዳለች። እንዲህ ላለችው፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ ለሚሠሩትም፣ ጤና ጣቢያ ሳይሄዱ በምስጢር መጠየቅ መቻል ትልቅ ነገር ነው። በሌሊት ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እንዲያጥብና ለክትባት ሳይዘገይ እንዲሄድ ቢነገረው ሕይወቱ ሊተርፍ ይችላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀኑ የማይደርሱበት ቤት አለና፣ ለእነርሱ አጋዥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለሕዝብ የሚቀርበው ቻትቦት ከሁሉ አስቀድሞ ማቆም ያለበትን ቦታ ይወቅ። ነፍሰ ጡር ሴት ኃይለኛ ራስ ምታት እንዳላት፣ ዓይኗ እንደሚደበዝዝባት ወይም ደም እንደሚፈሳት ከጻፈች፣ ዝርዝር ማብራሪያውን ትቶ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ ይበላት። በብዙ ቤት አንድ ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ መሆኑም አይዘንጋ፤ የኤችአይቪ ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ቀርቶ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ ስለሚያደርግ፣ ማን ምን እንደሚያስቀምጥ ለተጠቃሚው አስቀድሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ፈተናውን ሩቅ ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም። በደሴ፣ በቦሩ ሜዳና በኮምቦልቻ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው ሕመሙን በምን ቃል እንደሚገልጽ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ከኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ቢሰበስቡ፣ ከከሚሴ በኩል የሚመጣውን የኦሮምኛ ተናጋሪ ቢያካትቱ፣ የቻትቦቱን መልስ ደግሞ ሐኪሞች አንድ በአንድ ቢያርሙት ጥሩ መነሻ ይሆናል። እኔም ከዚያ ክረምት ጀምሮ በመስኮቱ በኩል የምሰማቸውን አገላለጾች፣ የተናጋሪውን ስም ሳልይዝ፣ በደብተር እየጻፍኩ ነው፤ ዛሬ ከሁለት መቶ አልፈዋል። ሥራውን የሚጀምር ክፍል ካለ ደብተሩን ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከደሴ