ስለ መዋጮው፣ ስለ ውጤቱና ስለዚያ የሽንት ቤት በር

ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ፈተና በሰላም አልቋል፤ የልጆቻችሁን ውጤት ከክፍል ኃላፊ መምህራን ጠይቁ፣ መታወቂያ ያልወሰደ ተማሪም ካለ ላኩልን። የትምህርት ቤቱ ዜና ይኸው ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ባለፈው ሳምንት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ተለጠፈ። የሴቶች ሽንት ቤት ነው። በር የለውም። ከሥሩ «500 ብራችን የት ገባ?» ተብሎ ተጽፏል፤ ለትምህርት ቤቱ ያዋጣችሁትን መዋጮ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን መልእክት እስከ ሌሊት ድረስ አነበብኩት። «ዳይሬክተሩ በላው» ያለ አለ። «መኪና ገዝቷል» ያለም አለ። መኪና የለኝም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆማችሁ ስለ ልጆቻችሁ ያወራችሁኝ ሰዎች ምናለ አንድ ቃል እንኳ ብትተነፍሱ።

ፎቶው እውነት ነው፣ ይህን ቀድሜ ልበል። በሩ አልነበረም። አንዷ ልጅ ስትገባ ጓደኛዋ በሹራብ እየጋረደቻት ነበር የሚጠቀሙት። እኔም የሴት ልጅ አባት ነኝ፣ ያሳፍረኛል። ግን «በር የለም» ሌላ፣ «ብሩ ተበላ» ሌላ ነው። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ግን ወረቀት ዘርግተን እንነጋገርበት።

በሩ የተገዛው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። ግዢ ኮሚቴው ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቦ፣ አወዳድሮ ገዛ። ዕቃው ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ፣ ተቆረጠለት። ቀጥሎ ብየዳ የሚሠራው ሰው መምጣት ነበረበት። ለእሱ ክፍያ ደግሞ ከባንክ ብር መውጣት አለበት። ብሩ እኔ ስለፈለግሁ ብቻ አይወጣም። ጥምር ፊርማ ነው፤ የእኔ አለ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ አለ፣ የወተመህ ሰብሳቢው አለ። ወተመህ ማለት ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ማለት ነው፤ ሰብሳቢው ከእናንተ መካከል የተመረጡ ወላጅ ናቸው። እሳቸው ለለቅሶ አገር ቤት ሄደው ነበር። ሦስት ሳምንት ቆዩ። በሩም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቶር ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

አሁን «ታዲያ ለአንድ በር ያን ያህል ጊዜ?» ትሉኛላችሁ። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ደጋግሜ። ግን ልብ በሉልኝ፤ በሩን ያዘገየው ፊርማ፣ ብሩን እንዳልበላ የሚከለክለኝም ያው ፊርማ ነው። አንዱን ጠልታችሁ ሌላውን መውደድ አይቻልም። ሰብሳቢው በሌሉበት እኔ ብቻዬን ፈርሜ ብር ባወጣና በሩን በማግስቱ ባስገጥም ኖሮ ዛሬ ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው የባንክ ወረቀት ነበር፤ ያኔ ደግሞ ትክክል ትሆኑ ነበር። ጥፋቴ ሌላ ቦታ ነው። ምክትል ሰብሳቢው ፊርማቸው ባንክ እንዲመዘገብ አስቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ፣ አላደረግሁም። አሁን ተመዝግቧል።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ አይደለም ወይ?» የሚለውን ደግሞ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ነፃ ነው። ለመማር ማንም አይከፍልም፣ መዋጮውም በፈቃደኝነት ነው። ነሐሴ ላይ ምዝገባ ጠረጴዛው ጋ «ደረሰኝ ካላሳያችሁ አንመዘግብም» የተባላችሁ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስህተት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰምቼ አስቁሜዋለሁ፣ በአንደኛው ቀን ለተመለሳችሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለመክፈሉ ከክፍል የወጣ አንድም ልጅ የለም፣ አይኖርምም። አለ የምትሉ ስሙን አምጡልኝ፣ በወሬ ሳይሆን በስም።

ግን ነፃ ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የመምህራን ደመወዝ ከወረዳ ነው የሚከፈለው፤ በእኔ እጅ አያልፍም፣ እኔ የማየው የራሴን ብቻ ነው (እሱንም ቶሎ ነው የማጣው)። የትምህርት በጀት ትልቁ ድርሻ እዚያው ደመወዝ ላይ ያልቃል። ከዚያ የተረፈችው የሥራ ማስኬጃ አለች። በተማሪ ቁጥር ተባዝቶ የሚመጣ ስኩል ግራንት (የትምህርት ቤት ድጎማ) አለ፤ እሱ ሲመጣ ዕቅዱንም ይዞ ነው የሚመጣው፣ ከዕቅዱ ውጭ ንክች ማድረግ አይቻልም። የውስጥ ገቢ የምንለው ደግሞ የሻይ ቤቱ ኪራይና የግቢው ሣር ሽያጭ ነው። ሣሩ በዓመት አንዴ ነው የሚታጨደው። ይኼን ሁሉ ደምራችሁ የፈተና ወረቀት፣ የማባዣ ቀለም፣ ጠመኔ፣ የተሰበረ ዴስክ ማስጠገኛ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ የሌሊት ዘበኛ አካፍሉት። ዘበኛው ከእናንተ መዋጮ ነው የሚከፈለው፤ ኮምፒዩተሮቹ እስከ ዛሬ ያሉት እሱ ስላለ ነው።

«ወረዳውን ለምን አትጠይቅም?» ጠይቄያለሁ። በደብዳቤ፣ ቁጥር ይዞ፣ ፋይል ውስጥ አለ። የተመለሰልኝ «በጀት ሲፈቀድ እናያለን» ነው። እነሱንም አልወቅስም፣ ከእኛ የባሰ ጣሪያው የሚያፈስ ትምህርት ቤት ይዘዋል። ይህን ስል ግን ጥያቄው የእኔ ብቻ መሆን አለበት ማለቴ አይደለም። አንድ ዳይሬክተር የጻፈው ደብዳቤና ወላጆች ተሰብስበው ይዘው የሚሄዱት ቃለ ጉባኤ እኩል አይሰማም። ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ቢሮ ውስጥ መቀመጥ አያስፈልግም።

ወደ ውጤት ልምጣ፣ ምክንያቱም ይኸኛው ነው በጣም የሚያመኝ። «ከፍለን ልጆቻችን ወደቁ» ተብሏል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ታውቃላችሁ። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,328 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ «ሁሉም ወድቋልና ተውኝ» ለማለት አይደለም። የእኛ ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፣ አልደበቅሁትም፣ አልኮራበትምም። ግን «ድሮ ያልፉ ነበር» ስትሉኝ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ድሮ የሚያልፉት ስንቶቹ በራሳቸው እጅ ሠርተው ነበር? ኩረጃው ሲዘጋ የታየው ቁጥር ከዚያ በፊትም እዚያው ነበር። እኛ ነን ያላየነው፣ እናንተም እኛም።

ደግሞ ግልጽ እንሁን። የእናንተ 500 ብር ልጅን ሒሳብ አያስተምርም። ትምህርት ቤት በኢንስፔክሽን ሲመዘን በ26 ስታንዳርዶች ነው፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛል። በር፣ ዴስክ፣ ወረቀት፣ ውኃ፣ ይኼ ሁሉ ግብዓት ውስጥ ነው። ሂደቱ የእኔና የመምህራኑ ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ ውቀሱኝ፣ እሺ እላለሁ። የፊዚክስ መምህር ለቆ እስኪተካ 11ኛ ክፍሎች ስንት ክፍለ ጊዜ ባዶ እንደተቀመጡ ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ የሚገርመኝ ስለዚህ ግሩፑ ላይ አንድም ሰው አለመጻፉ ነው። ስለ በሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጻፈ። እሱም ቢሆን በሩ ቀላል ነገር ሆኖ አይደለም። ሴት ልጅ ሽንት ቤቱ በር ከሌለው የወር አበባዋ በመጣ ጊዜ ቤት ትቀራለች፣ የቀረችበትን ትምህርት ደግሞ ማንም መልሶ አይሰጣትም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። አዎ፣ እኔም ቅሬታ አለኝ።

500 ብሩን እኔ አልወሰንኩም። ሰኔ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን ነበር። በልጆቹ ደብተር ላይ አስጽፈን ላክን፣ በር ላይ ለጠፍን፣ ግሩፑ ላይም ጻፍን። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ደርድረን ጠበቅን። የፊቱ ሁለት ረድፍ ሞላ፣ ከኋላ ያለው ባዶውን ቀረ። ሰው ይመጣል ብለን አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከመጡት አብዛኞቹ እናቶች ነበሩ፤ አንዷ ከጉሊት ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ነው የመጣችው፣ እጇ ላይ የቲማቲም ውኃ እንዳለ ነው ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረመችው። እሷ «500 ይበዛል፣ 300 ይሁን» ብላ ተከራከረች። ድምፅ ተሰጠ፣ ተሸነፈች። ከዚያ መጀመሪያ ከከፈሉት አንዷ እሷ ናት። ግሩፑ ላይ በጣም የጻፉትን ሰዎች ስም ከፈረሙት ስም ጋር አስተያየሁት፣ እልህ ይዞኝ። አንድ እንኳ አልገጠመልኝም። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም፣ ግን አደረግሁት።

«ሥራ አለብን» ትላላችሁ። አውቃለሁ። ለዚያ ነው ቅዳሜ ያደረግነው። «ብንመጣስ ምን ይለወጣል፣ አስቀድማችሁ ወስናችሁ ነው የምትጠሩን» ትላላችሁ። ይቺ ታማለች፣ ምክንያቱም ትንሽ እውነት አለባት። የሰኔው አጀንዳ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው፣ ዕቅዱንም በጽሑፍ አስቀድመን አላደረስናችሁም። በዚህኛው ዙር የገቢና የወጪ ዝርዝሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዞ ይደርሳችኋል። ለከፈላችሁት ሁሉ ሞዴል 64፣ ማለትም የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፣ ተቆርጧል፤ ደረሰኝ ሳይቀበል የከፈለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንገረኝ፣ ያ ቀልድ አይደለም። ሙሉው ሰነድ በቦክስ ፋይል ሒሳብ ክፍል አለ። ማንም ወላጅ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል፣ ፎቶ ማንሳትም ይችላል። ፎቶ ማንሳት እንደምትወዱ አይቻለሁ።

ጉባኤው ቅዳሜ ኅዳር 20 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። «ማግስቱ ጽዮን ናት፣ ዋዜማ ላይ ስብሰባ?» የምትሉ እንዳላችሁ ከወዲሁ ይሰማኛል። 6 ሰዓት ሳይሞላ እንበተናለን፣ ገበያችሁም አያመልጣችሁም። አጀንዳው ሁለት ነው። አንደኛው ሒሳቡን መስማት ነው። ሁለተኛው አዲስ የወተመህ ሰብሳቢ መምረጥ፤ የአሁኑ ጊዜያቸው አልቋል፣ ደክሟቸዋልም። የሚመረጠው ሰው ቼክ ላይ ይፈርማል። ብሩ ተበልቷል ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ወላጅ ቢመረጡ እኔ በግሌ ደስ ይለኛል፣ ፌዝ አይደለም።

በሩ ትናንት ማክሰኞ ተገጥሟል። አረንጓዴ ነው፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ፎቶውን የለጠፉት ወላጅ መጥተው እንደገና ማንሳት ይችላሉ። ለዘበኛው ነግሬዋለሁ፣ ያስገባዎታል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር