አገጭ ሲሰፋ መንጋጋም ይታይ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ነዋሪና መምህርት ነኝ። ይህን የምጽፈው አገጩን የተመታ ሰው ሁሉ ቁስሉ ተሰፍቶ ብቻ ወደ ቤቱ እንዳይላክ ለመለመን ነው።

እኔ የተጎዳሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ወደ ፒያሳ ስንሄድ አንድ ብስክሌት ድንገት ገባብን። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ብረት አገጬን መታኝ። ክሊኒክ ገብቼ ተሰፋሁ፣ ማስታገሻ ተሰጠኝ፣ አበቃ። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ቁስሉ ቶሎ ዳነ። መንጋጋዬ ግን ሳዛጋ ጆሮዬ ሥር ቋ ማለት ጀመረ። ጠዋት ስነሳ ጉንጬ ደርቆ ያመኛል። ክፍል ውስጥ ሁለት ፔሬድ ካስተማርኩ በኋላ መናገር ይከብደኛል። በፋሲካ ጉርሻ መቀበል አቅቶኝ እናቴ እንደ ሕፃን ቆራርሳ አጎረሰችኝ። አንዱ ጋ ጆሮ ነው ተብዬ ጠብታ ታዘዘልኝ። ሌላው ጋ ጥርስ ነው ተብሎ መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ። ሕመሙ እዚያው ነው። ያ ጥርስ ጤነኛ እንደነበር ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ አንዲት የጥርስ ሐኪም ጣቶቿን ከሁለቱም ጆሮዎቼ ፊት አድርጋ ቀስ ብዬ እንድከፍትና እንድዘጋ አዘዘችኝ። አገጬ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ «የራስሽን ሦስት ጣት ደርድረሽ አስገቢ» አለችኝ። ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስቱን ያስገባል። እኔ ሁለቱም በግድ ነው የገቡት። ነገሩን ስታስረዳኝ ገባኝ፦ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው ጆሮ ፊት ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ በመሃላቸው ስስ ንጣፍ አለ። አገጭ ሲመታ ኃይሉ በአጥንቱ ሄዶ እዚያ ያርፋል። የእኔ አጥንት አልተሰበረም፣ ንጣፉ ግን ከቦታው ተንሸራቷል።

ሕክምናው ቀዶ ጥገና ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ቆሎና ማስቲካ ተከለከልኩ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ ከአሞራ ገደል የአሳ ሾርባ። በሞቀ ፎጣ መያዝ፣ ለጥቂት ቀን አይቡፕሮፌን። ምላስን ላንቃ ላይ አድርጎ በመስታወት ፊት ቀስ እያሉ መክፈትና መዝጋት። ሌሊት ጥርሴን ስለማፋጭ በልኬ የተሠራ የፕላስቲክ ሽፋን። ወራት ወስዷል፤ አሁን ግን ሦስቱም ጣቶች ይገባሉ። ሐኪሟ እንዳለችኝ አብዛኛው ሰው በዚህ ይሻለዋል። ጥርስ መንቀልና መሞረድ ግን አይመለስም፣ ስለዚህ ወደዚያ መቸኮል የለበትም።

አጥንቱ ሲሰበር ነገሩ ሌላ ነው። ጥርስ እንደ ድሮው አልገጥም ካለ፣ አፍ ሲከፈት አገጭ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ ከጆሮ ደም ከመጣ ራጅ ያስፈልጋል። ወጌሻ ጋ መሄድ የሚፈልግ ሰው እንኳ ቢሆን በቅድሚያ ራጅ ይነሳ።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ የልጆቹ ነገር ነው። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ተማሪዎቼ በአገጫቸው ሲወድቁ አያለሁ። ልጅ ላይ ይህ መገጣጠሚያ ተሰብሮ ካልታየ፣ አጥንቱ ከራስ ቅል ጋር ሊጣበቅና አፍ አልከፈት ሊል ይችላል። በዚያ በኩል መንጋጋው ማደጉን ሊያቆምና ፊት ሊጣመም ይችላል። «አይነቃነቅ» ተብሎ አፍ ለረጅም ጊዜ ታስሮ መቆየቱም ለዚሁ ያጋልጣል። ስለዚህ የተሰበረ ልጅ በሐኪም ምክር ቶሎ አፉን ማንቀሳቀስ አለበት፣ እስኪያድግም ክትትል ያስፈልገዋል።

ክሊኒኮቻችን አገጭ ሲሰፉ አፍ አስከፍተው ይዩ፤ ደቂቃም አይፈጅም። የባጃጅ ባለንብረቶችም ያንን ብረት ይሸፍኑልን። እኔን ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ልጅ ስፖንጅ አድርጎ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልሎታል። ሌሎቹስ ምን ያግዳቸዋል?

መምህርት ነኝ፣ ከሐዋሳ