ስማርት ስልክን የግድ ያደረገው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ዘንድሮ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ከተማ ውስጥ መኖር አይችልም» የሚለውን አባባል በታክሲ ውስጥም፣ በመሥሪያ ቤት ኮሪደርም፣ በለቅሶ ድንኳንም ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ተናጋሪዎቹ ነገሩን ማንም ሊለውጠው የማይችል የዘመን ግዴታ አድርገው ስለሚያቀርቡት፣ ስልኩን ያልያዘ ሰው ጥፋተኛ መስሎ ይታያል። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኔ እምነት ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ስልክ ነው፤ ስማርት ስልክ ለብዙ ሰው የግድ የሚሆነው ግን ኑሮው ስለጠየቀው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱና ማኅበሩ በሌላ መንገድ አናስተናግድም ስላሉት ነው። ሐሳቤን በዝርዝር እንዳቀርብ ቦታ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ባለ ቁልፉ ስልክ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት የጀመረው ለባለ መተግበሪያዎች ብቻ አልነበረም። ዛሬም ማንኛውም ደንበኛ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ቢደውል ዝርዝር ይመጣለታል፤ ቁጥር እየመረጠ ገንዘብ ይልካል፣ የአየር ሰዓት ይሞላል፣ ክፍያ ይፈጽማል፤ ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛም በኮከብ 889 መሰላል ቀሪ ሂሳቡን ያያል፣ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ያዛውራል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የመለያ ቁጥራቸውን ወደ 6284 በጽሑፍ መልእክት ልከው ውጤታቸውን ሲያዩ አይተናል። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር የሚደርሰንም በጽሑፍ መልእክት ሲሆን፣ መታወቂያውን ደግሞ በካርድ አሳትሞ በኪስ መያዝ ይቻላል። ራይድ የፈለገ ሰው እንኳ 8294 ደውሎ ያለበትን ቦታ በቃሉ ከተናገረ መኪና ይላክለታል።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ለገበሬው የዘረጋውን የ8028 መስመር ነው። መስመሩ ከተከፈተ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበሬው በነጻ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ከዚያም ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ተባይ የተቀዳ ማብራሪያ ያዳምጣል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ይጠቀምበታል፤ ያልገባውን መልሶ ይሰማዋል። ይህን አገልግሎት የነደፉት ባለሙያዎች ሥራቸውን የጀመሩት በገበሬው እጅ ካለው ስልክ ተነሥተው ነው፤ መጀመሪያ ሌላ ስልክ ግዛ አላሉትም። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ይህን ምሳሌ ለምን እንደማይከተሉት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ይህን ስል ስማርት ስልክ ለማንም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። መስማት የተሳነው ሰው ከወዳጁ ጋር በምልክት ቋንቋ የሚነጋገረው በቪዲዮ ጥሪ ነው፤ ለእሱ ባለ ቁልፉ ስልክ ከጽሑፍ መልእክት አያልፍም። ልጇ ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እናትም አለች። ልጅቱ በድምፅ ብቻ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብትላት እናት አታምንም፤ በኢሞ ፊቷን አይታ፣ መክሳት አለመክሳቷን መርምራ፣ ከኋላዋ ያለውን ክፍል ሳይቀር ቃኝታ ነው ልቧ የሚያርፈው። ይህን ከቅንጦት የሚቆጥር ሰው ካለ ልጁን ለስደት ያልሸኘ መሆን አለበት። ተሳፋሪውን በመተግበሪያ የሚቀበል ሹፌርና ዕቃውን በቴሌግራም ቻናል የሚሸጥ ነጋዴም ስልካቸው የሥራ መሣሪያቸው ነው። እኔ የማነሣው ጥያቄ፣ ያልፈለገው ወይም መግዛት ያልቻለው ሰው ያለ ስማርት ስልክ እንዲኖር ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም የሚል ነው።

እንደማየው ከሆነ ፈቃዱ በየዕለቱ እየጠበበ ነው። በምኖርበት አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የቤት ሥራ የሚልከው በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ሆኗል። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት ጎረቤታችን የአራተኛ ክፍል ልጅ አላት፤ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ልጁ ማታ ማታ ደብተሩን ይዞ የጎረቤት በር ላይ ይቆማል፤ የቤቱ አባወራ ከሥራ ሲገባ ስልኩን ይሰጠውና ጥያቄዎቹን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይገለብጣል። አባወራው ያመሸ ዕለት የቤት ሥራው አይሠራም፤ በማግስቱም ልጁ «አልሠራህም» ተብሎ ከክፍል ጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ያው ትምህርት ቤት ቀደም ሲል ኮሙኒኬሽን ቡክ ነበረው፤ መምህሯ ትጽፍበታለች፣ ወላጅ አንብቦ ይፈርምበታል። ያ ደብተር ያስወጣ የነበረውን ጥቂት ብርና ይፈጅ የነበረውን ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ሲባል አንድ ልጅ በሰው በር ላይ እንዲቆም መደረጉ ምን ዓይነት ሥልጣኔ ነው?

በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍም ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። ማመልከቻ የሚቀበለው በድረ ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ ወጣቶች ቅጹን በክፍያ ይሞላሉ። ወጣቶቹ እንጀራቸውን ነው የሚፈልጉት፤ በእነሱ አልፈርድም። ነገር ግን ባለጉዳዩ የልደት ቀኑን፣ የእናቱን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ይናገራል፤ ለዚህም ይከፍላል። ከዚህ የሚብሰው የሚስጥር ቁጥር ጉዳይ ነው። አንድ አገልግሎት በመተግበሪያ ብቻ ይከፈል በተባለ ቁጥር፣ አጠቃቀሙን የማያውቁ አረጋውያን ወደ ሰፈር ሱቅ እየሄዱ ሂሳባቸው በሌላ ሰው ስልክ እንዲከፈትላቸው ያደርጋሉ፤ የሚስጥር ቁጥራቸውንም ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለው ይናገራሉ። ባንኮች የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ እያሉ ዘወትር ያስጠነቅቃሉ፤ አሠራሩ ግን እነዚህን ሰዎች ለሌላ ሰው እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል።

ስለ እድራችን ደግሞ ልናገር፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን በቅርብ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡሩምባ ነፊው ቀርቶ የቀብር ጥሪ በቴሌግራም ግሩፕ ይተላለፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ለወጣቶቹ አባላት በእርግጥ ቀልጥፎላቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ግን አንዲት ባልቴት ለብዙ ዓመታት ቡና አብረው የጠጧቸውን ጎረቤታቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ፤ የሰሙት በሠልስቱ ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ቀብር የቀረ አባል መቀጫ ስላለበት ስማቸው ከቀሪዎች ጋር ተመዝግቦ ነበርና፣ በወሩ መዋጮ ቀን የእድር ደብተራቸውን ይዘው መጡ፤ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ መቀጫውን እከፍላለሁ፤ ግን ጡሩምባው ሳይነፋ በምን አውቄ ልምጣ?» አሉኝ። ኮሚቴው ተሰብስቦ መቀጫውን ሰረዘ። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦም የቴሌግራሙ ግሩፕ እንዳለ ሆኖ ጡሩምባው እንዲመለስ፣ ከዚህ በተጨማሪ ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙ አባላት የጽሑፍ መልእክት እንዲላክ፣ ስልክ ጭራሽ ለሌላቸው ደግሞ በየመንደሩ አንድ ተጠሪ በር እያንኳኳ እንዲነግር ተወሰነ። ወጪው ለእድሩ ከባድ አልሆነም። በጀትም የኮምፒውተር ባለሙያም የሌለው የሰፈር እድር ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ሁለቱም ያላቸው ተቋማት አንችልም ቢሉ የሚያምናቸው አይኖርም።

«ታዲያ ስልኩን ለምን አይገዙም?» የሚሉ አሉ። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል፤ በዚህ ደመወዝ የሚኖር የጽዳት ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ቤት ኪራይና አስቤዛ ከፍሎ የሚተርፈው ገንዘብ ስማርት ስልክ የሚገዛ አይደለም። ቢገዛውም ዳታ መሙላት አለበት፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ባትሪው ከሰዓታት በላይ አይቆይለትም፤ ባለ ቁልፉ ስልክ ግን አንዴ ከተሞላ ቀናት ይዘልቃል። ኢንተርኔቱ ራሱ ሊቋረጥ እንደሚችልም አንርሳ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እጅግ ዘመናዊ ስልክ የያዘ ሰውም መተግበሪያውን መክፈት አልቻለም። አገልግሎትን በአንድ መስመር ብቻ ማንጠልጠል ድሃውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ሰው ለአደጋ ያጋልጣል።

የዲጂታል አሠራር ደጋፊዎች የሚያነሡት ጥቅም እውነት መሆኑን አልክድም። ወረፋ ቀንሷል፣ ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ መሄድ ቀርቷል፣ እጅ መንሻ የሚጠብቅ ሠራተኛ ፊት የመቆም ግዴታም በብዙ ቦታ ቀሏል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ በየማደያው የነበረው ጫጫታ ዛሬ የለም። ሆኖም ያ ግዴታ የተጣለው ተሽከርካሪ በሚያሽከረክር ሰው ላይ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጅ የቤት ሥራ፣ የአረጋዊት የውኃ ክፍያ፣ የሕመምተኛ የሐኪም ቀጠሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ሰውየው አገልግሎቱን የመተው ምርጫ የለውም። አንድን አገልግሎት ሰው ሊተወው የማይችል ከሆነ፣ አገልግሎቱ የሚሰጥበት መንገድም ማንም ሊገባበት የሚችል መሆን አለበት የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማንኛውም መንግሥታዊ አገልግሎት፣ ትምህርት ቤት፣ የጤና ተቋምና ባንክ በመተግበሪያ የሚሰጠውን ነገር በአጭር ቁጥር ወይም በጽሑፍ መልእክት፣ ይህም ካልተቻለ ሰው በተቀመጠበት መስኮት እንዲሰጥ የሚያስገድድ መመሪያ ይውጣ። በመስኮት የሚስተናገደው ሰውም ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅ፤ ስማርት ስልክ ስለሌለው ወደ ኋላ ተራ አይጣል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ኮሙኒኬሽን ቡኩን ነገ ሊመልሱት ይችላሉ። ጋዜጣችሁም አዲስ መተግበሪያ ተመረቀ የሚል ዜና ሲደርሳችሁ፣ መተግበሪያውን መጫን የማይችል ሰው ያንኑ አገልግሎት በየትኛው ቁጥር ደውሎ ወይም በየትኛው መስኮት ቀርቦ እንደሚያገኝ ኃላፊዎቹን ጠይቃችሁ፣ መልሳቸውን ከዜናው ጋር እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የእድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ