ኮንሰርት መስማትና ስለ ኮንሰርት መጻፍ፦ ለእህቴ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬና አባዬስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የክላሲካል ሙዚቃ ሐያሲ ሥራው ምን እንደሚመስልና ከየት እንደሚጀመር በዝርዝር ጻፍልኝ ብለሽኝ ነበር። በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው በደብዳቤ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ሥራው የሚጀምረው ከኮንሰርቱ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ያሉትን ሥራዎች ሙሉ ኖታ ፈልጊ፤ የኦርኬስትራው መሪ ፊት የሚቀመጠውን፣ የሁሉም መሣሪያ ድርሻ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ የሚታይበትን ማለቴ ነው። የቅጂ መብታቸው ያበቃ ሥራዎች ኖታ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አዲስ ሥራ ከሆነ ደግሞ አሳታሚውን ጠይቂ፤ ለጽሑፍ ብለሽ ከጠየቅሽ ብዙዎቹ ያሳዩሻል። ከዚያ ያንኑ ሥራ ሁለት ሦስት የተለያዩ መሪዎች ካስቀዱት ስሚ፤ አንዱ ፈጠን፣ ሌላው ዘገም ያለ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ቅጂ ብቻ ደጋግሞ የሰማ ሰው ቅጂውን ሕግ ያደርገውና ከዚያ የተለየውን ሁሉ ስህተት ብሎ ይጽፋል። ከጀማሪ ስህተት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

የቤቶቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ውሰጂ። ቤቶቨን ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም (ምት የሚቆጥረው መሣሪያ) ቁጥር፣ ማለትም የፍጥነት ልክ፣ ያወጣው በ1817 ነው። ለአምስተኛው የመጀመሪያ ክፍል የሰጠው ቁጥር፣ እያንዳንዱ ባር (ኖታው በቋሚ መስመሮች የሚከፋፈልበት ትንሽ ክፍል) አንድ ምት ሆኖ፣ በደቂቃ 108 ነው። እጅግ ፈጣን ነውና ብዙ መሪዎች ከዚያ ዝግ ይላሉ። ቁጥሩን ካላወቅሽ ወደዚያ የተጠጋውን መሪ «ተቻኮለ» ብለሽ ትከስሺዋለሽ፤ ሰውየው ግን ደራሲውን እየታዘዘ ነው። አውቀሽ ፍጥነቱን ባትወጂው ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ክርክርሽ ከቤቶቨን ጋር እንደሆነ አንባቢው ይረዳል። ጀርመናዊው ደራሲና ሐያሲ ሆፍማን በ1810 ስለዚሁ ሲምፎኒ ያሳተመው ሂስ እስከ ዛሬ የሚነበበው ኖታውን ተከትሎ፣ ምሳሌዎችን ከኖታው አውጥቶ ስለጻፈው ነው።

ኅትመቱንም ጠይቂ። የብሩክነር ሰባተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል ጫፉ ላይ ሲደርስ ኖቫክ ባዘጋጀው ኅትመት ሲምባል (እርስ በርሱ የሚጋጨው የነሐስ ሳህን) ይመታል፤ ሃስ ባዘጋጀው ኅትመት አይመታም። ሲምባሉ አልተሰማም ብለሽ ተጫዋቹን ብትወቅሺ ጥፋቱ ያንቺ ነው። የቤቶቨን የቫዮሊን ኮንቼርቶም እንዲሁ ነው፤ ደራሲው ለቫዮሊኑ ካዴንዛ (ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ቫዮሊኑ ብቻውን የሚጫወተውን ክፍል) ስላልጻፈ ሶሎ ተጫዋቹ የማንን እንደመረጠ ማወቅ አለብሽ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ክራይስለር የጻፈው ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ የሌላው ቫዮሊን ተጫዋች የዮአኪምም አለ። የፕሮግራሙ ወረቀት ይህን ካልጠቀሰ የፕሬስ ክፍሉን ጠይቂ።

ለመግቢያ ከሁለት ሳምንት በፊት ለአዳራሹ ወይም ለኦርኬስትራው የፕሬስ ክፍል ኢሜይል ላኪ። አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆንሽ፣ የትኛውን ኮንሰርት እንደምትፈልጊ፣ ጽሑፉ የትና መቼ እንደሚወጣ፣ ከዚህ በፊት ከጻፍሻቸው ሁለት ወይም ሦስት። መልስ ካልመጣ አንዴ አስታውሺ፤ ከዚያም ዝም ካሉ ርካሹን ቲኬት ገዝተሽ ግቢ። ነፃ መግቢያ የምስጋና ዕዳ የለበትም፤ ጉዞና ሆቴል ከከፈሉልሽ ግን ለአንባቢሽ በግልጽ ጻፊ።

መቀመጫ ከሰጡሽ የት እንደሆነ አጥንተሽ ስሚ። በፊተኛው ረድፍ ቅርብ ያሉት ቫዮሊኖች ይጎሉብሽና ከኋላ ያሉት የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ይደበቁብሻል። ከሰገነት ሥር ወደ ኋላ ከገባሽ ከጣሪያው የሚመለሰው ድምፅ ስለማይደርስሽ ሁሉም የደነዘዘ ይመስልሻል። በ1963 የተከፈተው የበርሊን ፊልሃርሞኒ አዳራሽ ከኦርኬስትራው ጀርባ መቀመጫ አለው፤ መሪውን ፊት ለፊት ለማየት ግሩም ቦታ ነው፣ ዘፋኝ ሲኖር ግን አይሆንም። የተነባቢ ድምፆች ወደ ፊት ስለሚሄዱ ከኋላ ያለ ሰው ቃላቱ አይለዩለትም። «ዘፋኟ ቃል አታወጣም» ከማለትሽ በፊት የት እንደተቀመጥሽ አስቢ። ልምምድ ላይ የሰማሽውንም እንደ ኮንሰርት አትቁጠሪው፤ ባዶ አዳራሽ የበለጠ ያስተጋባል፣ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣልና። በ1870 የተከፈተው የቪየናው ሙዚክፈራይን አዳራሽ እንኳ በሰው ሲሞላ ማስተጋባቱ ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል።

አሁን ጆሮ ምን ላይ እንደሚያርፍ ላሳይሽ። የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሲምፎኒ፣ በ1893 ራሱ መርቶት መጀመሪያ የቀረበው፣ ለዚህ የሚስተካከለው የለም። በመጀመሪያው ክፍል መሐል ክላሪኔቱ እየከሰመ ይሄድና የመጨረሻዎቹን ዝቅ ያሉ ኖታዎች «ባሱን» ለሚባለው ረጅም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ይተዋል። ኖታው ላይ ስድስት ፒ (p፣ የለስላሳ ድምፅ ምልክት) ተደርድረዋል፤ ከዚህ በላይ ለስለስ በይ ማለት የለም። ባሱን ግን በዝቅተኛው ክልሉ ያን ያህል ለስለስ ማለት ይቸግረዋል፤ ብዙ መሪዎች ስለዚህ ለባስ ክላሪኔት ይሰጡታል። ቀና ብለሽ ማን እንደሚነፋ እዪ። ባስ ክላሪኔት ከሆነ ድምፁ ክሩ ሳይበጠስ ይጠፋል፤ ባሱን ከሆነ ትንሽ ሻካራ፣ ትንሽ የሰው ትንፋሽ ያለበት ይሆናል። ወዲያው ኦርኬስትራው በሙሉ ይፈነዳል። ፍንዳታው የሚያስደነግጠው በፊቱ የነበረው ዝምታ ልኩን ሲይዝ ብቻ ነውና ምሽቱ የተሳካ መሆን አለመሆኑን እዚህች ላይ ታውቂያለሽ።

የመጨረሻው ክፍል መጀመሪያ ደግሞ የምትሰሚውን ዜማ ማንም አይጫወተውም። አንዱን ኖታ አንደኛ ቫዮሊኖች፣ ቀጣዩን ሁለተኛ ቫዮሊኖች እየተቀባበሉ ነው ዜማው በጆሮሽ ውስጥ የሚሠራው። ሁለቱ ቡድኖች ግራና ቀኝ ተለያይተው ከተቀመጡ ድምፁ በመድረኩ ላይ ሲመላለስ ይሰማሻል፤ ሁለቱም ግራ ከሆኑ ነገሩ ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ ኦርኬስትራው እንዴት እንደተቀመጠ ገና ሳይጀመር ወረቀትሽ ላይ ሣይ። ከዚያ በፊት ያለው ሦስተኛ ክፍል በታላቅ ድምፅ ስለሚያልቅ ሕዝቡ ብዙ ጊዜ ያጨበጭባል። አትቆጪ፣ ሙዚቃው ራሱ ይጠራዋል። አንዳንድ መሪዎች ጭብጨባውን ለማስቀረት ሳያርፉ ወደ መጨረሻው ክፍል ይገባሉ፤ ያን ግን ጻፊ፣ የመሪው ውሳኔ ነው።

ማስታወሻ በእርሳስ ያዢ፣ እስክሪብቶ ጠቅ ይላል። የስልክ ብርሃን ጎረቤትሽን ይረብሻል፣ ዝጊው። ሙዚቃው እየሄደ አትጻፊ ማለት ይቻላል፤ አንድ ቃልና ቦታውን ብቻ፦ «2ኛ ክፍል፣ ኦቦ፣ ዘገየ»። የቀረውን በክፍሎች መካከልና በእረፍት ሙዪ። ሆርን (ተጠቅልሎ የተሠራው የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ) አንድ ኖታ ቢሰነጠቅበት ጽሑፍሽን በዚያ አትጀምሪ። የሆርን ቱቦ ወደ 3.7 ሜትር ይደርሳል፤ ከፍ ባለው ክልል የሚሰጣቸው ድምፆች በጣም ስለሚቀራረቡ ከንፈር ለቅጽበት ከሳተ ወደ ጎረቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለው ደጋግሞ ከመጣና የሐረጉን ቅርጽ ካበላሸ ያኔ ቁም ነገር ነው። የባሮክን፣ ማለትም የባክን ዘመን፣ ሙዚቃ በጥንቱ መሣሪያ የሚጫወቱ ቡድኖች በሥራዎች መካከል መልሰው ሲቃኙም ብትሰሚ አይግረምሽ፤ ከእንስሳ አንጀት የተሠራ ክር ቅኝቱ በሙቀትና በእርጥበት ይዛባል።

በዚያው ሌሊት ጻፊ፤ ከ400 እስከ 600 ቃል ይበቃል። በደራሲው የሕይወት ታሪክ አትጀምሪ፣ ፕሮግራሙ ላይ አለ። «ድንቅ»፣ «ማራኪ» የሚል ቃል ስትጽፊ የትኛው ቦታ፣ ማን፣ ምን አድርጎ እንደሆነ ከጎኑ ከሌለ ሰርዢው። ወቀሳም ያው ነው። ስሞችን ከፕሮግራሙ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ፤ የተለወጠ ተጫዋች እንዳለም አረጋግጪ፣ ለውጡ ብዙ ጊዜ በትንሽ ብጣሽ ወረቀት ነው የሚታደለው። መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ሥራ ፕሮግራም ላይ ስለማይኖር ሳትወጪ የፕሬስ ክፍሉን ጠይቂ። ሳያልቅ ከወጣሽ ያልሰማሽውን አትገምግሚ፤ እስከየት እንደቆየሽም ጻፊ።

ስለ ገንዘቡ አልዋሽሽም። ደመወዝ ያለው ሐያሲ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በጽሑፍ እየተከፈለው ከማስተማር ወይም ከሌላ ሥራ ጋር ያካሂደዋል። አንቺም ሌላውን ሥራሽን ሳትለቂ ጀምሪው።

የመጀመሪያውን ጽሑፍሽን ስትጨርሺ ከእርሳስ ማስታወሻሽ ጋር ላኪልኝ፤ ሁለቱን አስተያይቼ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ። እማዬንና አባዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ