ቆብ፣ መነጽርና የአትክልት ቱቦ

መስከረም ላይ የትምህርት ቤታችን ኮሪደር ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ «የጎግልስ ክበብ» ይል ነበር፤ «ጎግልስ» በእንግሊዝኛ የንፋስ መነጽር ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ 19 ልጆች መጡ። ግማሾቹ ላፕቶፕ ይዘዋል። ጎግል የሚያስተምር ክበብ መስሏቸው ነው። አንዲት እናት «ታዲያ ኮዲንጉ መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ በእጄ የያዝኩት አንድ የተጨማደደ የቆዳ ቆብ ነበር። ነገሩ ሲገባቸው 8 ልጆች ብቻ አብረውኝ ቀሩ። በሳምንቱ ማስታወቂያውን «የአብራሪ ቆብና የንፋስ መነጽር ክበብ» ብለን ቀየርነው።

የምንሰበስበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች ያደርጓቸው የነበሩትን ቆቦችና መነጽሮች ነው። «መሰብሰብ» ስል ብዙ እንዳይመስላችሁ። የዓመቱ ሀብታችን ሁለት ቆብ፣ ሦስት መነጽርና አንድ ፎርጅድ ነው። ወደ ፎርጅዱ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ያመጣው የ6ኛ ክፍል ልጅ ነው። «አውሮፕላኑ መስታወት ካለው አብራሪው መነጽር ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማየት ኅዳር ላይ ቨርጂኒያ፣ ሻንቲሊ ወዳለው የስሚዝሶኒያን የአየርና የኅዋ ሙዚየም ሄድን። ለአብዛኞቹ ወላጆቻችን ይህ ሙዚየም ደለስ ኤርፖርት ዘመድ ሊቀበሉ ሲሄዱ አጠገቡ የሚያልፉት ትልቅ ጣሪያ ነው። ዘንድሮ ገባንበት። መግቢያው ነጻ ነው፤ ፓርኪንጉ ግን 15 ዶላር ስለሆነ በሁለት መኪና ታጭቀን ነው የሄድነው።

ኮርሴር የተባለው የባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን እዚያ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ረጅሙን አፍንጫውን ሲያዩ ልጆቹ ዝም አሉ። የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አብራሪዎች ሲነሱም ሲያርፉም በላያቸው ያለውን የመስታወት ክዳን ከፍተው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ከወደቀ በቶሎ ይሰምጣል። ክዳኑ ተዘግቶ ከተጣበቀ ደግሞ መውጫ የለም። ክዳኑ ሲከፈት ንፋሱ፣ ከሞተሩ የሚረጨው ዘይትና የባሕሩ ጨው ፊት ላይ ይመጣል። መነጽሩ ለዚያ ነው። ጥያቄውን ያነሳው ልጅ ወደ መኪናው ስንመለስ «ታዲያ ቆቡስ?» አለ። የቆቡ ዋና ሥራ ጭንቅላትን ከግጭት ማዳን አይደለም፤ ለዚያ በጣም ስስ ነው። ጆሮ ላይ የሬዲዮውን ማዳመጫ አጥብቆ ይይዛል፣ ጩኸት ይቀንሳል፣ ያሞቃል። ጠንካራው ሄልሜት ቦታውን የያዘው ጄት ከመጣ በኋላ ነው።

ከሁለቱ ቆቦቻችን አንዱ ሬዲዮ እንኳን የለውም። ጆሮው ላይ የብረት ቱቦ ጫፎች አሉት። የማሠልጠኛ ቆብ ነው። በማሠልጠኛዎቹ ቢጫ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ውስጥ አሠልጣኙና ሠልጣኙ ፊትና ኋላ ይቀመጣሉ። አሠልጣኙ አፉ ላይ በያዘው ቱቦ ሲናገር ድምፁ የተማሪው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ጎስፖርት ይባላል። ስሙ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮበርት ስሚዝ ባሪ የተባለ መኮንን አብራሪዎችን ያሠለጥንባት ከነበረችው የእንግሊዝ ከተማ ነው። ንግግሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ተማሪው መልስ መስጠት አይችልም። ይህን ስናገር ከኋላ አንዱ «እንደ እማዬ!» አለ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

እኛም ሠራነው። የአትክልት ማጠጫ ቱቦ፣ አንድ የዘይት መቅጃ ፈነልና የድሮ የጆሮ ማዳመጫ ልባስ በቂ ነው። አንዱ ልጅ ዓይኑ ታስሮ ይሄዳል። ሌላው ከኋላ ሆኖ በቱቦው «ግራ፣ ቀኝ፣ ቀጥ በል፣ ቁም» ይለዋል። በአማርኛ ብቻ። እውነቱን ለመናገር ዓመቱን ሙሉ በሰሌዳ ላይ ያልገባቸው ግራና ቀኝ በሁለት ቅዳሜ ገባቸው። የገባቸው ግን ከአደጋው በኋላ ነው። የ5ኛ ክፍሏ አሠልጣኝ «ቀኝ» ማለት ፈልጋ «ግራ» አለች። ሠልጣኙ ቀጥታ ወላጆች ቡና የሚጠጡበት ረከቦት ላይ ሄደ። ሁለት ሲኒ ተሰበረ። የሲኒዎቹን ባለቤት እዚሁ በድጋሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ያደግኩት አባቴ ጠፍር በቅባት ሲያሽ እያየሁ ነው። ቆዳ ደረቀ ማለት ቅባት አማረው ማለት ነው ብዬ ነው የማምነው። የክበቡ የመጀመሪያ ቆብ ደረቅ መስሎ ስለታየኝ የቆዳ ዘይት ገዝቼ ቤቴ ውስጥ በደንብ አሸሁት። ልጆቹን ላስደስት ብዬ ነው። በማግስቱ ቡናማው ቆብ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ሰርጎ ለስላሳውን ገበር በክሎታል። ገበሩ ላይ የነበረው ማኅተም ደብዝዟል። ለካ የሙዚየም ባለሙያዎች አሮጌ ቆዳን ዘይት አትቀቡት ነው የሚሉት። ዘይቱ ቀለሙን ያጠቁራል፣ አቧራ ይስባል፣ ቆይቶም ራሱ ይደርቃል። ልጆቹ አልተቆጡም። ዝም ብለው አዩኝ። ቁጣው ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። ቆቡ አይታጠፍም። ቅርጹን እንዲይዝ ውስጡ አሲድ የሌለው ወረቀት ይሞላል። ከፀሐይና ከማሞቂያ ይርቃል። ጎማ ያላቸው መነጽሮች ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ አሮጌ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም የነካውን ያቆሽሻል። ሌላም ደንብ አለን፤ ይሄኛው የመጣው አንድ አባት በደግነት የድሮ የአውሮፕላን ሰዓት ሊለግሱን ባመጡ ቀን ነው። ቁጥሮቹ በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡት ራዲየም በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር። ቀለሙ ማብራቱን ካቆመ ቆይቷል፤ ጨረሩ ግን አለ። ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ያህል ይፈልጋል። አመስግነን መለስነው። ስለ ጨረሩም በደንብ ነገርናቸው።

ፎርጅዱ የመጣው ጥር ላይ ነው። በኢንተርኔት ጨረታ 85 ዶላር ከፈልኩ። ሻጩ ቆቡ የአንድ የባሕር ኃይል ጀግና እንደሆነ ረጅም ታሪክ ጽፎ ነበር። ታሪኩን ወደድኩት። የገዛሁትም ታሪኩን ነው ማለት ይቻላል። ዕቃው ሲመጣ በመጀመሪያ የጠረጠረችው የ8ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። አናቱ ተፋፍቋል፣ ጫፎቹ ነትበዋል፤ ግንባር የሚነካው የውስጥ ክፍል ግን ንጹሕ ነው። «ይሄ ሰውዬ አያልበውም እንዴ?» አለች። እውነት ነው። በሰው የተለበሰ ቆብ የሚያረጀው ላብ በሚነካው፣ አገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ በሚታሸበትና ዘለበቱ በሚቆለፍበት ቦታ ነው። ይሄኛው ያረጀው ብርጭቆ ወረቀት በደረሰበት ብቻ ነው።

ነገሩን የቆረጠው ሌላ ልጅ ነው። አባቱ ጋዝ ስቴሽን ካሸር ናቸው። የሐሰት ብር የሚለዩበትን አልትራቫዮሌት ባትሪ ተውሶ መጣ። መብራቱን አጥፍተን ስናበራበት የቆቡ ክር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ እንደ ሠርግ አዳራሽ ቦግ አለ። ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው ሰው ሠራሽ ክር የማንጫ ኬሚካል ስላለበት በዚህ ብርሃን ያበራል። የድሮው የጥጥ ክር ብዙውን ጊዜ ደብዛዛ ነው። ግን ይህም ብቻውን አይታመንም። ዘመናዊ ሳሙና ውስጥም ያው ኬሚካል ስላለ የታጠበ አሮጌ ጨርቅ ሊያበራ ይችላል። ይህን ያረጋገጥነው በእኔ ሸሚዝ ነው። ቅዳሜውን ሙሉ ባትሪው እኔ ላይ ነበር።

ፎርጅዱን አልጣልነውም። ከሁሉም የበለጠ ያስተማረን እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የሻጭ ወሬ አያነቡም። መጀመሪያ ጨርቁን፣ ስፌቱን፣ መለያውን ያያሉ። ለምሳሌ ሁለተኛው ቆባችን ቀለል ያለ የካኪ ጨርቅ ሲሆን መለያው ኤ.ኤን.–ኤች–15 ይላል። «ኤ.ኤን.» ማለት ለጦር ሠራዊቱም ለባሕር ኃይሉም በአንድ ደረጃ የተሠራ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አየር ኃይሉ ገና በሠራዊቱ ሥር ነበር፤ ለብቻው የወጣው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ይህ ቆብ የባሕር ኃይል አብራሪ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ልጆቹ ካርዱ ላይ «የማን እንደነበር አይታወቅም» ብለው ጻፉ። እኔ «ምናልባት» የምትል ቃል ላስገባ ፈልጌ ነበር። አልፈቀዱም።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ዕቃ ሳንነካ ዋልን። ያወራነው ስለ ጄሲ ብራውን ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የበረራ ሥልጠናውን ጨርሶ የአብራሪነት ክንፍ ምልክት የተሰጠው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ.። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በዲሴምበር 4 ቀን 1950 ሰሜን ኮሪያ፣ ቾሲን አካባቢ ኮርሴሩ ተመቶ በረዶ ተራራ ላይ ወደቀ። እግሩ በተጨማደደው ብረት ተያዘ። ጓደኛው ቶማስ ሃድነር ሲያየው የራሱን አውሮፕላን ሆን ብሎ አጠገቡ አሳረፈ። ብራውን ራሱ ላይ ምንም አልነበረውም፤ ጣቶቹ በብርዱ ደርቀዋል። ሃድነር የያዘውን የሱፍ ቆብ አናቱ ላይ አደረገለት፣ እጆቹን በስካርፉ ጠቀለለለት። ከዚያም የሚጨሰው ሞተር ላይ በእጁ በረዶ እየዛቀ ጨመረ። ሄሊኮፕተር መጣ፤ መጥረቢያም ነበር። ሊያወጡት ግን አልቻሉም። ብራውን እዚያው ሞተ።

ቆብ የሚሰበስቡ ልጆች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚጠይቁ እኔ አልገመትኩም ነበር። «ያ የሱፍ ቆብ የት ደረሰ?» አሉ። ከዚያ አንዷ ቅድመ አያቷ የቃኘው ዘማች እንደነበሩ ተናገረች። ቃኘው ኮሪያ የደረሰው በሜይ 1951 ነው፤ ብራውን በሞተ በአምስተኛው ወር ግድም። ካርታ ዘርግተን ፈለግን። ቤቷ ያለውን የቅድመ አያቷን ፎቶ በሚቀጥለው ሳምንት አመጣች። እሳቸውም ቆብ አድርገዋል። ጆሮ የሚሸፍን፣ ለብርድ የተሠራ። ልጆቹ ወዲያው ስፌቱን መመርመር ጀመሩ።

የሰኔው የኤግዚቢሽን ቀን ጥሩ ነበር። ሰው በብዛት የተሰለፈው ቱቦው ጋ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አይደለም። የተሰለፈው ሦስተኛው መነጽር ጋ ነው። ይህን መነጽር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ40 ዶላር ገዛነው። ፖላሮይድ የሠራው ነው። የአብራሪ ሳይሆን መርከብ ላይ ሆነው ሰማይ ለሚጠብቁና ፀረ አውሮፕላን ለሚተኩሱ ሰዎች የተሠራ ነው። ጠላት ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ሲመጣ እንዲታያቸው ነው። በእያንዳንዱ ዓይን ላይ ሁለት ብርሃን የሚያጣሩ ሽፋኖች ተደራርበዋል። ትንሿን ጉብ ያለች መዞሪያ ስታዞሯት አንዱ በሌላው ላይ ይዞራል፤ ዓለም ቀስ እያለ ይጨልማል፣ መልሶ ይበራል። ባትሪ የለው፣ ምን የለው።

የአንድ ተማሪያችን አያት በወጣትነታቸው ምጽዋ በባሕር ኃይላችን ያገለገሉ ናቸው። መነጽሩን አደረጉና በመስኮቱ በኩል ወደ ፀሐይ ዞሩ። መዞሪያዋን አዞሩ። ዝም አሉ። መልሰው አዞሩ። «ይሄ ምጽዋ ላይ ቢኖረን ኖሮ!» አሉ። ከኋላቸው ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አላቸው። «ይጠብቅ» አሉ።